ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን፦ ያልተሳካ የአይቪኤፍ ሕክምና፣ ቀጣዩ ውሳኔ እና የመጋቢው ድርሻ

መግቢያ

ለውይይት እንዲያመቸን አንድ ሁኔታ እናስብ። ከተጋቡ ስምንት ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጋቢያቸውን፣ “ለአምስት ደቂቃ ልናነጋግርዎ ፈልገን ነበር” ይሉታል። ቢሮ ገብተው በሩ ሲዘጋ ሚስት ማልቀስ ትጀምራለች። ባል ወለል ወለሉን እያየ፣ ለማንም ሳይናገሩ የአይቪኤፍ ሕክምና እንደ ጀመሩ፣ የዕቁብ ገንዘባቸውንና ከወንድሙ የተበደሩትን በሙሉ እንዳወጡበት፣ ሐሙስ ዕለት ግን የደም ምርመራው ፅንስ እንደሌለ እንዳሳየ ይናገራል። ከዚያም ሁለት ጥያቄ ያቀርባል፦ “እግዚአብሔር እንቢ አለን ማለት ነው? ድጋሚ እንሞክር ወይስ እንተው?”

ለሁለተኛው ጥያቄ ፈጥነን መልስ መስጠት ይቀናናል። አንዳችን፣ “ተስፋ አትቁረጡ፤ ሣራ በዘጠና ዓመቷ ወልዳለች” እንላለን። ሌላችን ደግሞ፣ “ምናልባት በሰው እጅ ስለ ታመናችሁ ይሆናል” እንላለን። ሁለቱ መልሶች የሚቃረኑ ቢመስሉም ከሥራቸው ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የሕክምናው ውጤትና ቀጣዩ ውሳኔ የጥንዶቹ እምነት የሚለካበት ሚዛን ነው የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ሐሳብ ይሞግታል። ድጋሚ መሞከር በራሱ እምነት አይደለም፤ ማቆምም በራሱ አለማመን አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍት ለእያንዳንዱ አማኝ ልጅ እንደሚሰጠው ቃል ስላልገቡ፣ ጥንዶች በእግዚአብሔር ፊት በነጻነትና በጥበብ መወሰን ይችላሉ። የመጋቢው ሥራም ውጤቱን መተንበይ ሳይሆን መጀመሪያ ሐዘኑን ሐዘን ብሎ መጥራት፣ ቀጥሎም ያለ ፍርሃት የሚወስኑበትን ሁኔታ ማመቻቸት ነው። ይህንን ለማሳየት በቅድሚያ የሕክምናውን ሂደት፣ ቀጥሎ የሐዘኑን ጠባይ፣ ከዚያም የመጽሐፍ ቅዱስን ምስክርነት ተመልክተን ወደ ውሳኔው እንመለሳለን።

1. በሕክምናው ውስጥ ምን ይሆናል?

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመው ጥንዶች ያለ መከላከያ በመደበኛነት እየተገናኙ ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ፅንስ አለመፈጠሩ ብሎ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 አዋቂዎች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ ይህ ያጋጥመዋል። እንግዲህ በአጥቢያችን ይህ ችግር ያለበት ሰው የማናውቅ ከሆነ፣ ችግሩ ስለሌለ ሳይሆን ስላልተነገረን ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም በሴቷ በኩል ብቻ አይደለም። የማሕፀን ቱቦ መዘጋት፣ የእንቁላል አለመልቀቅ፣ የወንዱ የዘር ፍሬ ቁጥር ማነስ ወይም እንቅስቃሴ መድከም፣ አንዳንዴም ተመርምሮ ያልታወቀ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አይቪኤፍ ማለት የሴቷን እንቁላልና የወንዱን ዘር ከአካል ውጭ በላቦራቶሪ ማገናኘት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ተወለደች፤ ሥራውን ካስጀመሩት ሰዎች አንዱ የሆኑት ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በአገራችን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አገልግሎት ጀምሯል።

አንድ ዙር ሕክምና እንዲህ ነው። ሚስት ለ10 ቀን ገደማ በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ክትትል ይደረግላታል። እንቁላሎቹ ሲደርሱ ማደንዘዣ ተሰጥቷት በቀጭን መርፌ ይወሰዳሉ። ከባሏ ዘር ጋር ከተገናኙ በኋላ የተፈጠረው ሽል ከ3 እስከ 5 ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ይቆይና ወደ ማሕፀን ይገባል። ከዚያ ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጥበቃ አለ። በየደረጃው ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የተወሰደው እንቁላል ሁሉ የበሰለ አይሆንም፣ የበሰለው ሁሉ ሽል አይሆንም፣ ሽል የሆነውም ሁሉ አያድግም። ጥንዶቹ በየማለዳው ስልክ ሲጠብቁ የሰነበቱት ይህን ቁጥር ለመስማት ነው።

መጋቢ ሦስት ነገር ቢያውቅ ብዙ ስሕተት ይድናል። አንደኛ፣ አንድ ዙር አለመሳካቱ ከልማድ የወጣ ነገር አይደለም፤ በታወቁ ማዕከላትም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ከሁሉ ይልቅ ወሳኙ የሴቷ ዕድሜ ነው፤ ዕድሉ ከ35 ዓመት በኋላ እየቀነሰ፣ ከ40 በኋላ ደግሞ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሁለተኛ፣ ሽሉ ሳይተከል የሚቀርበት ዋነኛ ምክንያት በሽሉ ውስጥ ያለ የክሮሞዞም ጉድለት ነው። ሚስት ደረጃ ስለ ወጣች፣ ውኃ ስላነሣች፣ ሥራ ስለ ገባች አይደለም፤ ሽሉ ከገባ በኋላ አልጋ ላይ መዋል ውጤቱን እንደማያሻሽልም በጥናት ታይቷል። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በሚነገርበት ሰሞን መድኃኒቱ ይቆማል፣ የወር አበባም ይመጣል። ስለዚህ የልብ ስብራትና የሰውነት መናወጥ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። በዚያ ሳምንት የሚታየውን እንባ “የእምነት መድከም” ብሎ መተርጎም ከእውነቱ መራቅ ነው።

2. ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን

ባህላችን ሐዘንን እንዴት እንደሚያስተናግድ ያውቃል። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ መጋቢውም ሳይጠራ ይሄዳል። ማንም ምን እንደሚል አይቸገርም፤ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብሎ ይቀመጣል። ያልተሳካ ሕክምና ግን ድንኳን የለውም። የተቀበረ የለም፣ የተሰየመ የለም፣ ብዙውን ጊዜም የሚያውቅ ሰው የለም። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሥራ ይገባሉ።

ይሁን እንጂ ጥንዶቹ የጠፋባቸውን ያውቁታል። ሽሉን በስክሪን ላይ አይተውታል። ቢሳካ የመውለጃው ወር የትኛው እንደሚሆን በጣታቸው ቆጥረዋል። “ዐይናችሁን በዐይናችሁ ያሳያችሁ” ተብለው የተመረቁበት የሠርግ ቀን ትዝ ብሏቸዋል። ያ ምርቃት ዛሬ በየበዓሉ እንደ ጥያቄ ይመለስባቸዋል። ለሠርገኞች ከምንሰጠው ምርቃት ሌላው ደግሞ “ትዳራችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ” የሚለው ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበረ፤ ይስሐቅ ሲወለድ ደግሞ 100 (ዘፍ. 12፥4፤ 21፥5)። የአብርሃምና የሣራ ትዳር ከተጠሩ በኋላ እንኳ 25 ዓመት ያለ ልጃቸው የቆየ ትዳር መሆኑን ስንመርቅ እንረሳዋለን።

ባልና ሚስት በአንድ ዓይነት መንገድ አያዝኑም። ሕልቃና ሐናን ከዐሥር ልጆች አይሻልሽምን የሚል ጥያቄ ጠይቋት ነበር (1ኛ ሳሙ. 1፥8)። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ጥያቄው ግን ሐዘኗን አልነካውም። ዛሬም ብዙ ባል ሚስቱን ለማጽናናት ሲል የራሱን ሐዘን ይውጣል፤ እርሷም ዝምታውን ግድየለሽነት ታደርገዋለች። ችግሩ በባል በኩል ሲሆን ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል፤ ሚስት የባሏን ምስጢር ጠብቃ በአማቶቿ ፊት “መካን” የሚለውን ስም ራሷ ትሸከማለች። መጋቢው ሁለቱንም አብሮ፣ ቀጥሎም እያንዳንዳቸውን ለየብቻ መስማት ያለበት ስለዚህ ነው። ሚስትን ለብቻዋ ሲያነጋግር ባለቤቱ ወይም የታመነች የጉባኤው እናት ብትገኝ መልካም ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄም ይነሣል፦ “መጋቢ፣ እነዚያ ሽሎች ልጆቼ ነበሩ?” ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል ብለን የምናስተምር እኛ፣ በዚህ ሰዓት “እሱ እኮ ገና ምንም አልነበረም” ማለት አንችልም። ትምህርታችንን ራሳችን ማፍረስ ይሆናል። በሌላ በኩል ቃሉ በዝርዝር ያልነገረንን እንደምናውቅ ሆነን መናገርም የለብንም። ልንለው የሚገባን፣ በስውር የሚሠራውን የሚያይ አምላክ ያልታየችውን ሕይወት እንደሚያውቃት (መዝ. 139፥13-16)፣ የምድር ሁሉ ፈራጅም በቅን እንደሚፈርድ ነው (ዘፍ. 18፥25)። ከዚያ በኋላ አብሮ ማልቀስ ይበቃል።

3. የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነት

ሀ. “ምን በድለን ይሆን?”

ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሉቃስ መልሱን ከጥያቄው ያስቀድማል። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ልጅ እንዳልነበራቸው ከመናገሩ በፊት ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩና በትእዛዙ ያለ ነቀፋ እንደሄዱ ይናገራል (ሉቃ. 1፥6-7)። ቅደም ተከተሉ ሆነ ተብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ አንባቢው ቁጥር 7ን ሲያነብ በኃጢአት ሊያሳብብ እንዳይችል ቁጥር 6 መንገዱን ዘግቶበታል። ኤልሳቤጥ በኋላ ስለ ነቀፋዋ ስትናገር ነቀፋው በሰዎች መካከል የነበረ መሆኑን ትገልጻለች (1፥25)። ነቀፋው የመንደሩ እንጂ የሰማይ አልነበረም።

በ2ኛ ሳሙኤል 12 የዳዊት ሕፃን የሞተበትን ታሪክ ለዚህ ዓይነት ጥንዶች ማጽናኛ አድርጎ መጥቀስም አደገኛ ነው። በዚያ ክፍል ሞቱ በነቢዩ አፍ ከዳዊት ኃጢአት ጋር ተያይዟል። ያ ግንኙነት በቃሉ የተገለጸው ለዚያ ጉዳይ ነው፤ ወደ ሌላ ቤት ሊተላለፍ አይችልም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ሲጠይቁ ጌታ የነቀፈው ይህንኑ ዓይነት ድምዳሜ ነው (ዮሐ. 9፥1-3)።

ለ. ልጅ ለአማኝ ሁሉ የተገባ ቃል ኪዳን ነውን?

በዘጸአት 23፥26 እና በዘዳግም 7፥14 በእስራኤል መካከል መካን እንደማይኖር ተነግሯል። በስብከቶቻችን እነዚህ ጥቅሶች በቀጥታ ለግለሰብ ሲሰጡ እንሰማለን። ነገር ግን ቃሉ የተነገረው በምድሪቱ ለሚኖረው የቃል ኪዳን ሕዝብ እንደ ሕዝብ ነው፤ ከእህሉ፣ ከወይኑና ከከብቱ በረከት ጋር አብሮ ተቆጥሯል። በዚያው ቃል ኪዳን ሥር የነበረችው ሐና ለዓመታት ሳትወልድ ቆይታለች፤ ጸሐፊው እግዚአብሔር ማሕፀኗን ዘግቶ እንደ ነበር ሳይሸሽግ በአንድም ኃጢአት አይከስሳትም። ወደ አዲስ ኪዳን ስንመጣ ይህ ተስፋ ለግለሰብ አማኝ አልተደገመም። ጳውሎስ ሳያገቡ መኖርን ስጦታ ይለዋል (1ኛ ቆሮ. 7፥7-8)፤ ጌታችን ራሱ በሥጋ ልጅ አልነበረውም። ልጅ በረከት ነው፤ የበረከት ሁሉ ማረጋገጫ ግን አይደለም። አማኝ መንፈሳዊ በረከቱን ሁሉ የተቀበለው በክርስቶስ ነው (ኤፌ. 1፥3)።

የሣራ፣ የርብቃ፣ የራሔልና የሐና ታሪክስ? እነዚህ ታሪኮች የተጻፉት እግዚአብሔር የዘሩን ተስፋና የመንግሥቱን ጉዞ በሰው አቅም ሳይሆን በጸጋው እንዳስኬደ ሊያሳዩን ነው። ፍጻሜአቸውም ክርስቶስ ነው። “እርሷ ወልዳለችና አንቺም ትወልጃለሽ” የሚለው አተረጓጎም ከታሪኩ ዓላማ ይስታል፤ ለማትወልደውም እኅት ክርስቶስ ምን እንደሆነላት ሳይናገር ይቀራል።

ሐ. ሐና እና ዔሊ

1ኛ ሳሙኤል 1 ለመጋቢዎች የተጻፈ ያህል ነው። ሐና የምትበሳጨው በቤቷ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ወደ እግዚአብሔር ቤት በወጣች ቁጥር ነበር (1፥7)። ሌላው የሚበላበትና የሚደሰትበት በዓል እርሷን ያስለቅሳት ነበር። ሕፃናት ለጌታ በሚቀርቡበት እሑድ ከኋላ ወንበር ተነሥታ የምትወጣውን እኅት ይህ ቁጥር ያስታውሰናል። ካህኑ ዔሊ ደግሞ ከንፈሯን አይቶ ሰክራለች ብሎ ፈረደ። የአገልጋይ የመጀመሪያ ስሕተት ሳይጠይቅ መፍረዱ ነበር። መልካምነቱ ግን ሲነገረው መስማቱና መታረሙ ነው።

ዔሊ ከዚያ በኋላ የተናገረው ቃል ልብ ይበሉ። በሰላም አሰናበታት፤ የለመነችውንም የእስራኤል አምላክ እንዲሰጣት ተመኘ (1፥17)። በዕብራይስጡ ግሡ “ይሰጥሻል” ወይም “ይስጥሽ” ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ የ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም “ይስጥሽ” ብሎ እንደ ምርቃት ወስዶታል። ዐውዱም ይህንን ይደግፋል፤ ሐና የለመነችው ምን እንደሆነ ለዔሊ እንደ ነገረችው አልተጻፈምና። ሐና ተነሥታ ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም (1፥18)። የፀነሰችው ከዚህ በኋላ ነው። ሰላሟ ከፅንሷ ቀድሟል። መጋቢው ሊሰጥ የሚችለው ይህንን ነው፤ ለቅሶን የሚሰማ ጆሮ፣ ምርቃትና በእግዚአብሔር ፊት ልብን የማፍሰስ ስፍራ። ልጁን የሚሰጥ እርሱ አይደለም።

መ. “በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ”

ኤልሳዕ ለሱነማዊቷ የተናገረው ቃል (2ኛ ነገ. 4፥16) ዛሬ ለብዙ ሴቶች እንደ ትንቢት ይነገራል። የክፍሉን ቀሪ የምናነብ ግን ጥቂቶች ነን። ሴቲቱ ያኔውኑ እንዳይዋሻት ለምናው ነበር፤ ልጁ ሲሞትም ልጅ ስጠኝ ያለችው እርሷ እንዳልሆነች፣ እንዳያታልላትም ነግራው እንደ ነበር እያስታወሰች እግሩን ያዘች (4፥28)። በተስፋ ቃል የተነካ ልብ ሲሰበር ምን ያህል እንደሚጎዳ የምታውቅ ሴት ናት። እውነተኛው ነቢይ ኤልሳዕም በዚያ ሰዓት ነገሩን እግዚአብሔር እንደ ሰወረበትና እንዳልነገረው ተናገረ (4፥27)። ሙት ያስነሣ ነቢይ “አላውቅም” ማለት ካላሳፈረው እኛን ለምን ያሳፍረናል? በሕክምና ላይ ላለች እኅት “መንታ አያለሁ” ብሎ የተናገረ አገልጋይ ውጤቱ ሳይሳካ ሲቀር ከአጠገቧ አይገኝም። ስብራቱን የሚጠግነው የአጥቢያው መጋቢ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ቃል መመርመርና ተናጋሪውን መጠየቅ አለባቸው (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)።

4. ቀጥሎ ምን?

ከሁሉ በፊት ጊዜ። ሦራ አጋርን ለአብራም የሰጠችው በከነዓን 10 ዓመት ከቆዩ በኋላ ነበር (ዘፍ. 16፥3)። ውሳኔው የመጣው ከድካም ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ አጋርና እስማኤል ናቸው። ውጤቱ በተሰማበት ሳምንት “ነገውኑ እንጀምር” ወይም “ሁለተኛ አላየውም” ማለት ያለ ነገር ነው፤ ሁለቱንም መስማት እንጂ ማጽደቅ አያስፈልግም። ሐኪሞችም ብዙውን ጊዜ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ሰውነት ቢያንስ አንድ የወር አበባ ዑደት እንዲያርፍ ይመክራሉ። ሆኖም ሚስት ወደ 40 ዓመት የተጠጋች ከሆነች “ጌታን ለዓመት ጠብቁ” የሚለው ምክር ራሱ ውሳኔ ይሆናል። የጥበቃውን ርዝመት ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ይወስኑ እንጂ መጋቢው አይወስንላቸው።

ከዚያ ከሐኪሙ ጋር የመገምገሚያ ቀጠሮ መያዝ ይገባል። ጥያቄዎቹን ጽፈው ቢሄዱ ይረዳል፦ የተገኘው እንቁላልና ሽል ምን ይመስል ነበር? በድጋሚ ቢሞከር የሚለወጥ ነገር አለ? በእኛ ዕድሜና ሁኔታ ያለው ዕድል ምን ያህል ነው? ሁለታችንም ተሟልተን ተመርምረናል? መልሱን ይዘው ሲመጡ ከፊታቸው የሚከተሉት መንገዶች አሉ።

ድጋሚ መሞከር። ሕክምናን መጠቀም በእግዚአብሔር አለመታመን አይደለም፤ ወባ ሲይዘን ክኒን እንደምንውጠው ነው። ነገር ግን ከመጀመሩ በፊት ገደብ ይበጅለት። ስንት ዙር? እስከ ምን ያህል ገንዘብ? እስከ መቼ? ግንብ ሊሠራ ያለ ሰው ወጪውን አስቀድሞ እንደሚያሰላ ጌታ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ቤት ተሽጦ፣ ከዘመድ ሁሉ ተበድሮ የሚደረግ ሙከራ ባይሳካ ሐዘኑን በዕዳ ያጸናዋል። ገንዘብ ብቻውን ገደብ ሊሆን እንደማይችልም እንወቅ። በእስራኤል አገር የጤና መድኅኑ እስከ ሁለት ልጆች፣ ሴቲቱ እስከ 45 ዓመቷ ድረስ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን “ይብቃን” የሚያሰኘው የኪስ ባዶነት ሊሆን አይችልም። የሰውነት፣ የትዳርና የልብ አቅምም ገደብ አለውና በዚያም ላይ መነጋገር ያሻል።

በረዶ ውስጥ የተቀመጡ ሽሎች። ከፊተኛው ዙር የተረፉ ሽሎች ካሉ የእነርሱ ጉዳይ ሳይወሰን አዲስ ማብዛት ከእምነታችን ጋር ይጋጫል። ሰብአዊ ክብር ያላቸው ከሆኑ ያለ ጊዜ ገደብ ሊረሱ ወይም ሊጣሉ አይገባም። ስለዚህ ቀጣዩ ዙር በእነርሱ ቢሆን፣ አዲስ ዙር ከሆነም ሊያሳድጉ ፈቃደኛ ከሆኑበት ቁጥር በላይ ሽል እንዳይፈጠር ለሐኪሙ አስቀድመው ቢነግሩ ለኅሊናቸው ይበጃል። ሐኪም ይህንን በራሱ ላያነሣው ይችላል፤ እነርሱ መጠየቅ አለባቸው።

የሌላ ሰው እንቁላል ወይም ዘር። አንዳንድ ጊዜ ሐኪም ይህንን አማራጭ ያነሣል። ጋብቻ ሁለቱ አንድ ሥጋ የሚሆኑበት ኪዳን በመሆኑ (ዘፍ. 2፥24) ሦስተኛ ሰውን በልጅ አመጣጥ ውስጥ ማስገባት ሊያሳስበን ይገባል ብዬ አምናለሁ። የልጁን ማንነቱን የማወቅ መብትና በቤተሰብ ውስጥ የሚፈጠረውን ምስጢርም ማመዛዘን ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የማይስማሙ ወንጌላውያን አሉ፤ ቢሆንም በሐዘን ሰሞን፣ ሳይጸለይበትና ሳይመከርበት የሚወሰን አይደለም።

ጉዲፈቻ። ጉዲፈቻ “አይቪኤፍ ካልሆነ” ተብሎ የሚወሰድ ማስታገሻ አይደለም፤ ልጁ የሐዘን መድኃኒት ሆኖ ሊመጣ አይገባም። ካዘኑ በኋላ የሚገቡበት ጥሪ ግን ሊሆን ይችላል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት፤ የጉዲፈቻ ልጅም ለሁሉም ጉዳይ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊዎቹ ልጅ ይቆጠራል። በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጠው ጉዲፈቻ በሕግ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ቤት የመክፈቱ ኃላፊነት በአገር ውስጥ ባሉ ቤተሰቦች ላይ ይበልጥ ወድቋል። ጳውሎስ ስለ ደኅንነታችን ሲናገር የተጠቀመበት “ሁዮቴሲያ” የሚለው የግሪክ ቃል ትርጉሙ ልጅ አድርጎ መቀበል፣ ማለትም ጉዲፈቻ ነው (ሮሜ 8፥15፤ ገላ. 4፥5፤ ኤፌ. 1፥5)። የ1954ቱ ትርጉም በሮሜ 8፥15 “ልጅነት” ስላለው አማርኛ አንባቢ ይህን ሥዕል በቀላሉ አያየውም። “የእንጀራ ልጅ፣ የማደጎ ልጅ” እያልን ዝቅ አድርገን የምናየው ዝምድና ጌታ እኛን ቤተሰቡ ያደረገበት መንገድ መሆኑን ከመድረክ ማስተማር ይገባናል።

ማቆም። ጥንዶች “በቃን” ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ እንደ ሽንፈት ትሰማዋለች። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ከለመነ በኋላ ልመናውን ያቆመው እምነት ስላጣ ሳይሆን መልስ ስላገኘ ነው፤ መልሱም ጸጋ ነበር (2ኛ ቆሮ. 12፥8-9)። ሕክምናን ማቆም ጸሎትን ማቆም አይደለም፤ ሕይወትን ከመጠበቂያ ክፍል አውጥቶ እንደገና መኖር መጀመር ሊሆን ይችላል። ጥንዶቹ ይህንን ውሳኔ ሲያደርጉ መጋቢው አብሯቸው ጸልዮ፣ በአደራ ለእግዚአብሔር አስረክቦ ቢያሰናብታቸው ለዓመታት የሚያስታውሱት አገልግሎት ይሆናል።

5. በአጥቢያ የሚደረጉ ነገሮች

ትልልቅ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ጥቂት ነገር ይበቃል። ውጤቱን በሰማንበት ቀን እንደ ለቅሶ ቤት እንሂድ፤ ምግብ ይዘን፣ ጥቅስ ሳናበዛ። ምስጢሩን ያለ ፈቃዳቸው ለጸሎት ቡድን አናሳልፍ። ቢሳካ ሊወለድ የነበረበትን ወር በማስታወሻችን ጽፈን በዚያ ሰሞን እንደውል። ሕፃናት በሚቀርቡበት እሑድና በእናቶች ቀን፣ ለመውለድ ለሚናፍቁና ልጅ ላጡም አንድ ዐረፍተ ነገር ጸሎት እንጨምር። “ልጅ ስለሌላችሁ ጊዜ አላችሁ” ብለን የሰንበት ትምህርቱን ሁሉ አንጫንባቸው። አማቶች አባሎቻችን ከሆኑ ቀስ ብለን እናነጋግራቸው። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ፣ መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከተሰማ ደግሞ ሳንዘገይ ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ እንላክ፤ አብረንም እንሂድ።

መደምደሚያ

ኢሳይያስ 56፥3-5 ለጃንደረቦች ይናገራል። እነዚህ ሰዎች በሥጋ ሌላ ዙር የሌላቸው፣ ሕክምና የማይለውጠው ሁኔታ ውስጥ ያሉ ናቸው። እግዚአብሔር ልጅ እንደሚሰጣቸው አልነገራቸውም። ራሳቸውን ደረቅ ዛፍ ብለው እንዳይጠሩ ከለከላቸው፤ በቤቱና በቅጥሩም ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ፣ የማይጠፋ ስም ሰጣቸው። ልጅን “ስም አስጠሪ” ለምንል ለእኛ ይህ ትንሽ ቃል አይደለም።

ከዚያ ተስፋ በኋላ በሐዋርያት ሥራ 8 በጋዛ መንገድ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነብ አንድ ጃንደረባ እናገኛለን፤ የኢትዮጵያ ንግሥት ሹም ነበር። ፊልጶስ ሲደርስ ያነብ የነበረው በምዕራፍ 53 ያለውን ስለ ታረደው በግ የሚናገር ክፍል ነው፤ ለእርሱ ዓይነት ሰዎች የተነገረው ተስፋ ከዚያው ጥቅልል ሦስት ምዕራፍ ብቻ ይርቃል። ተጠመቀና ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። በእምነት እንደ በኩራችን የምንቆጥረው ሰው ጃንደረባ ነበረ። በቢሮአችን ተቀምጠው “እንሞክር ወይስ እንተው?” ለሚሉን ባልና ሚስት ያለን መልስ ከዚህ ይጀምራል፤ የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ በጌታ ቤት ስማቸው አይጠፋም። ይህንን ካወቁ በኋላ የቀረውን ያለ ፍርሃት ይወስናሉ።